የጎድን ባርቤኪው በቤት ውስጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎድንን በባርቤኪው አሠራር በኦቨን፣ በድስት፣ በፕሬዠር ኩከር (በእንፋሎት ግፊት በሚያበስል ድስት)፣ በከሰል ወይም በጋዝ ግሪል ማብሰል ይቻላል። መሣሪያው ቢለያይም ሥራው ሁለት ነው፦ መጀመሪያ ሥጋውን በቀስታ ማለስለስ፣ ከዚያ ከላይ ማቅላት። ሁለቱንም በአንድ ኃይለኛ እሳት ለመጨረስ ሲሞከር ጎድኑ ከላይ ያርርና ከውስጥ ለጥርስ የሚያስቸግር ይሆናል። ከታች ያሉት መልሶች በበሬና በበግ ጎድን ላይ ያተኮሩ ናቸው። የሙቀት መጠኑ ሁሉ በዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው።

ባርቤኪው ሪብስ (የጎድን ባርቤኪው) የአሳማ አይደለም ወይ? በበሬ ወይም በበግ ይሆናል?

በአሜሪካ ምግብ ቤቶች ዝርዝር ላይ «ሪብስ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ነው። አሳማ የማይበላ ሰው ከማዘዙ በፊት መጠየቅ አለበት። የቴክሳስ ሰዎች ግን የበሬ ጎድንን በጨውና በተከካ ቁንዶ በርበሬ ብቻ አሽተው ለሰዓታት በእንጨት ጭስ ያበስላሉ፤ ለኦርቶዶክሱም ለሙስሊሙም ቤት የሚስማማው አሠራር ይኸው ነው።

ለአሳማ የተጻፈን የሰዓት መጠን ግን እንዳለ ወደ በሬ አያዛውሩ። በኢንተርኔት በብዛት የሚገኘው 3-2-1 የሚባለው ቀመር፣ ማለትም 3 ሰዓት በጭስ፣ 2 ሰዓት ተጠቅልሎ፣ 1 ሰዓት በሶስ፣ ለአሳማ ጎድን የወጣ ነው። ወፍራም የበሬ ጎድን በዚህ ጊዜ ላይደርስ ይችላል፤ የበግ ጎድን ደግሞ ከልክ በላይ ይበስላል።

ሥጋ ቤት ሄጄ ምን ብዬ ልዘዝ?

ኢትዮጵያ ውስጥ «ጎድን ስጠኝ» ካሉ ለጥብስ ወይም ለቅቅል እንዲሆን በመጥረቢያ ተከትክቶ ይሰጥዎታል፤ አለዚያም ሥጋው ተገፍፎ አጥንቱ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ አስቀድመው «አይከትከት፣ ሥጋው አይገፈፍ፣ 3 ወይም 4 አጥንት አንድ ላይ ይሁን» ብለው ይንገሩ። ርዝመቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ቢሆን ለትሪም ለድስትም ይመቻል። በአጥንቱ ላይ ያለው ሥጋ ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር ውፍረት ከሌለው ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ይደርቃል።

አሜሪካና አውሮፓ ላሉ፣ ሁለቱን ዋና ዋና ዓይነቶች መለየት ይጠቅማል። ባክ ሪብስ የሚባለው ከጀርባ በኩል ያለው ሲሆን ሥጋው በአጥንቶቹ መካከል ነው፤ ዋጋው ቀለል ይላል፣ አጥንት ግን ይበዛዋል። ሾርት ሪብስ ሥጋው አጥንቱ ላይ በወፍራሙ የተኛበት ነው፤ ለባርቤኪው የተሻለው እሱ ነው። እስራኤል ውስጥ ይኸው የጎድን ሥጋ ብዙ ጊዜ «አሳዶ» ተብሎ ይሸጣል።

ለአንድ ሰው ከነአጥንቱ ባክ ሪብስ ከሆነ 700 ግራም፣ ሾርት ሪብስ ከሆነ 450 ግራም ገደማ ይያዙ። የበግ ጎድን ስቡ ስለሚያጠግብ 500 ግራም ይበቃል።

ዛሬ የታረደ በሬ ጎድን ዛሬውኑ ቢበስልስ?

ለቁርጥ ትኩስነቱ ነው የሚፈለገው። ለባርቤኪው ግን ከታረደ በኋላ የሥጋው ጡንቻ ለአንድ ቀን ያህል ስለሚደርቅና ስለሚጠነክር ወዲያው የበሰለ ጎድን ግትር ይሆናል። ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ ውስጥ 2 ወይም 3 ቀን ያሳርፉት። ለበግ አንድ ቀን ይበቃል። ለዓመታት ያረሰ በሬ ከሆነ ደግሞ በሥጋው ውስጥ ያለው ጅማት ጠንካራ ነውና ከዚህ በታች በተጻፉት ሰዓቶች ላይ አንድ ሰዓት ያህል ለመጨመር ይዘጋጁ።

በአጥንቱ በኩል ያለው ስስ ሽፋን ይነሳ?

ከባክ ሪብስና ከበግ ጎድን ላይ ይነሳ። ሲበስል እንደ ላስቲክ ይሆናል፤ ቅመሙም ጭሱም በዚያ በኩል እንዳይገባ ይከለክላል። የማንኪያ እጀታ በመካከለኛው አጥንትና በሽፋኑ መካከል አስገብተው ከፍ ያድርጉት፤ ከዚያ ስለሚያዳልጥ ጫፉን በሶፍት ወይም በደረቅ ጨርቅ ይዘው ይግፈፉት። በወፍራም ሾርት ሪብስ ላይ ግን ቢተዉት ይሻላል፤ ሥጋው ሲለሰልስ ከአጥንቱ ተላቆ እንዳይወድቅ ይይዘዋል።

ጨውና ቅመሙ ምን ያህል ይሁን? በርበሬስ ይገባል?

ከነአጥንቱ ለሚመዘን 1 ኪሎ ጎድን ከ9 እስከ 10 ግራም ጨው ይበቃል፤ ይህም በደቃቅ ጨው ጠፍጣፋ አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ያህል ነው። በዋዜማው ማታ ጨው አድርገው ሳይሸፍኑ ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት። ጨው ወደ ውስጥ ለመግባት ጊዜ ይፈልጋል፤ ቅመሙ ግን ላይ ላዩን ስለሚቀር ከማብሰልዎ በፊት ቢያሹት በቂ ነው።

ለዚሁ 1 ኪሎ የሚሆን ደረቅ ቅመም፦ 2 የሻይ ማንኪያ ሸካራ ሆኖ የተከካ ቁንዶ በርበሬ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቡናማ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ በርበሬ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ። ለበግ ደግሞ ስኳሩን ትተው የጥብስ ቅጠል ቢከትፉበት ስቡን ደህና አድርጎ ያነሳዋል።

በርበሬ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ቤት የተዘጋጀ በርበሬም ሚጥሚጣም ብዙውን ጊዜ ጨው አለበት፤ ስለዚህ ቀምሰው የጨዉን ልክ ይቀንሱ። ሁለተኛ፣ በርበሬ በደረቅ ኃይለኛ እሳት ቶሎ ያርርና ይመራል። በቀስታ ሲበስል ወይም ሲጠቀለል ምንም አይሆንም፤ ከፍም ላይ በቀጥታ ለሚጠበስ ሥጋ ግን በርበሬውን በሶሱ ውስጥ አድርገው በመጨረሻ ይቀቡት።

የኮሸር ሥጋ (በአይሁድ ሕግ የተዘጋጀ) በጨው ተዘፍዝፎ የሚወጣ በመሆኑ የጨዉን መጠን በግማሽ ይጀምሩ።

በሎሚ ወይም በአቼቶ ዘፍዝፎ ማሳደር አያለሰልሰውም?

አያለሰልሰውም። አሲዱ የሚደርሰው ከላይ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ካደረ ደግሞ ያንኑ የላዩን ክፍል ያላሽቀዋል። ጎድንን የሚያጠነክረው በሥጋው መካከል ያለው ኮላጅን የሚባል ነገር ነው። ኮላጅን ከ70 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ወደ ጄላቲን ይለወጣል፤ የበሰለ ጎድን ጣት ላይ የሚጣበቀውም ከዚህ የተነሳ ነው። ለውጡን የሚያመጡት ሙቀትና ጊዜ ናቸው፣ ዘፍዛፊው አይደለም።

በኦቨን እንዴት ይሠራል?

ለጀማሪ የምንመክረው ይህን ነው፤ ሙቀቱ ስለማይዋዥቅ የሚበላሽበት መንገድ ጥቂት ነው።

ኦቨኑን 135 ዲግሪ ላይ ያሙቁ። የታሸውን ጎድን በሁለት ድርብ ፎይል ላይ ያስቀምጡ፤ 3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጨምረው እንፋሎት እንዳይወጣ ዙሪያውን አጥብቀው ይጠቅልሉት። ፎይሉ በሚያብረቀርቅ ወይም በደብዛዛ ጎኑ ቢሆን ልዩነት የለውም። አጥንቱ ወደ ታች ሆኖ በትሪ ላይ ያስገቡት። ባክ ሪብስ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ሾርት ሪብስ ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት፣ የበግ ጎድን 2 ሰዓት ያህል ይፈልጋል።

ፎይሉን ሲከፍቱ እንፋሎቱ እጅ ስለሚያቃጥል ከራስዎ በራቀው ጎን ይክፈቱት። የወጣውን መረቅ በጎድጓዳ ሳህን አጠራቅመው ስቡን ከላይ ይቅፈፉና ቀሪውን ወደ ሶሱ ይጨምሩት፤ የሥጋው ጣዕም ያለው እዚያ ውስጥ ስለሆነ አይድፉት። ከዚያ ኦቨኑን ወደ 220 ከፍ አድርገው ጎድኑን ሶስ ቀብተው ሳይሸፍኑ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያቅሉት፤ በመካከሉ አንድ ጊዜ ደግመው ይቀቡ። በላይኛው እሳት ብቻ የሚያቀሉ ከሆነ ሥጋው ከእሳቱ 15 ሴንቲሜትር ያህል ይራቅ፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃዋል፤ በዚህ ጊዜ ከኦቨኑ ፊት አይራቁ።

ኦቨኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ውስጡ ያለው ሙቀት ብዙ ጊዜ አይገጥሙም፤ የ20 ዲግሪ ልዩነት ያለው ኦቨን ብርቅ አይደለም። በሰዓቱ ካልደረሰልዎ ሥጋውን ከመውቀስዎ በፊት ትንሽ የኦቨን ቴርሞሜትር ውስጡ አንጠልጥለው ይለኩ።

ኦቨን የለኝም። ድስትና የከሰል ማንደጃ ብቻ ቢሆንስ?

ይህም ጥሩ ጎድን ይወጣዋል። ሰፊ ድስት ታች ላይ 2 ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት በወፍራሙ ቆርጠው ያንጥፉ፤ ጎድኑን ከላይ ደርድረው አንድ ተኩል ኩባያ፣ ማለትም 350 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ይጨምሩ። ውሃው ሥጋውን መሸፈን የለበትም። ሥጋው ውሃ ውስጥ ጠልቆ ሲቀቀል ጣዕሙ ወደ ውሃው ይወጣል፤ ያንን ውሃ የሚደፋ ሰው ጎድኑን ባዶ አስቀርቶታል ማለት ነው። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ይሁን፤ እሳቱ ውሃው ጥቂት ጥቂት ብቻ የሚፈላበት ዝቅተኛ ይሁን። ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ውሃ ካነሰ የፈላ ውሃ ይጨምሩ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ በድስት የሚበስል ሥጋ ከቆላ ከተሞች የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። እሳቱን ማብዛት ውሃውን ቶሎ ያደርቀዋል እንጂ ከ92 በላይ አያሞቀውም።

ሲለሰልስ ወዲያው ከድስቱ አያውጡት። ክዳኑን ከፍተው 20 ደቂቃ ይቀዝቅዝ፤ በትኩሱ ከተነሳ ይፈራርሳል። ከዚያ ነበልባሉ ጠፍቶ አመድ በለበሰ ፍም ላይ ሽቦ አድርገው በየጎኑ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ሶስ እየቀቡ ያቅሉት።

በፕሬዠር ኩከር ስንት ደቂቃ?

ግፊቱ ከሞላ ጀምሮ ሲቆጠር የበግ ጎድን 25፣ ባክ ሪብስ 35፣ ሾርት ሪብስ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ፤ ውሃው 1 ኩባያ። አዲስ አበባ ወይም በተመሳሳይ ከፍታ ላይ ከሆኑ አንድ ሦስተኛ ያህል ይጨምሩ፤ የውጭው አየር ግፊት ስለሚያንስ የማሰሮው ውስጥ ሙቀትም ያንሳል። ሶሱን አብረው አያስገቡ፤ ስኳሩ ታች ላይ ተጣብቆ ያርራል። እሳቱን ካጠፉ በኋላ ግፊቱ 15 ደቂቃ ያህል በራሱ ይውረድ፤ በድንገት ካስተነፈሱት በሥጋው ውስጥ ያለው ውሃ ፈልቶ ይወጣና ሥጋው ይደርቃል። ቀጥሎ በከሰል ወይም በኦቨን ማቅላት አይቀርም፤ ያለዚያ ቅቅል ነው።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በከሰል ለማብሰልስ?

ክዳን ያለው ግሪል ያስፈልጋል። ፍሙን በአንድ ጎን ብቻ ይሰብስቡት፤ ጎድኑ በሌላው ጎን፣ ከሥሩ ፍም በሌለበት ይቀመጥ። ከጎድኑ ሥር ውሃ የያዘ ትሪ ቢኖር ሙቀቱን ያረጋጋል፣ የሚንጠባጠበውን ስብም ይቀበላል። የክዳኑን የአየር ቀዳዳ በጎድኑ በኩል ያድርጉት፤ ጭሱ በሥጋው ላይ አልፎ እንዲወጣ ነው። ሙቀቱን ከ120 እስከ 135 ይያዙ፤ ሲወርድ ሌላ ቦታ አስቀድመው ያቀጣጠሉትን ከሰል ጥቂት ጥቂት ይጨምሩ። የበግ ጎድን 3 ሰዓት፣ ባክ ሪብስ 4 ሰዓት፣ ወፍራም ሾርት ሪብስ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

የሥጋው ውስጥ ሙቀት ከ65 እስከ 75 አካባቢ ሲደርስ ለረጅም ጊዜ ከዚያ አልንቀሳቀስ ይላል። ከሥጋው የሚተነው እርጥበት ስለሚያቀዘቅዘው ነው። እሳት አይጨምሩ። ቀለሙ ጠቆር ያለ ቡናማ ከሆነ በፎይል ወይም ሰም በሌለው የሥጋ ወረቀት ጠቅልለው ይመልሱት፤ ይህን ደረጃ ቶሎ ያልፈዋል።

ለጭስ ወይራ በጣም ጥሩ ነው፤ የወተት ዕቃ የሚታጠንበት እንጨት ለሥጋም ይስማማል። እንደ ጡጫ ያለ 2 ወይም 3 ደረቅ ቁራጭ ይበቃል። ባሕር ዛፍ ዘይት አለው፣ የሐበሻ ጥድና የፈረንጅ ጥድ ሙጫ አላቸው፤ ሦስቱም ሥጋውን ያመሩታል። የሚፈለገው ጭስ ስስና ሰማያዊ የሚመስለው ነው። ወፍራም ነጭ ጭስ ካለ አየር አንሷል ማለት ነውና ቀዳዳውን ይክፈቱ። ከሰሉን በፌስታል ወይም በነጭ ጋዝ አያቀጣጥሉ፤ ሽታው በሥጋው ላይ ይቀራል። ከበርሜል ግሪል የሚያሠሩ ከሆነ ኬሚካል ይዞ የነበረ በርሜልና በዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ያስወግዱ፤ ዚንኩ ሲግል የሚወጣው ጢስ ጤና ይጎዳል።

ከሰል በቤት ውስጥ፣ በተዘጋ በረንዳም ሆነ በጋራዥ አይነድም። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ሥጋው ከወጣ በኋላም ፍሙ ፈጽሞ እስኪጠፋ ደጅ ይቆይ።

የጋዝ ግሪልስ?

አንዱን ማቃጠያ ብቻ ያብሩ፤ ጎድኑ ባልበራው በኩል ይሁን፤ ክዳኑ ይዘጋ። ጭስ ከፈለጉ የእንጨት ስንጣሪ በፎይል ጠቅልለው ሁለት ሦስት ቦታ በስተው በበራው ማቃጠያ ላይ ያስቀምጡ። እንጨቱን ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ጥቅም የለውም፤ መጀመሪያ የሚወጣው እንፋሎት እንጂ ጭስ አይደለም። ሰዓቱ ከከሰሉ ጋር አንድ ነው።

በ15 ደቂቃ የሚደርስ ጎድን የለም?

አለ፤ አጥንቱን አቋርጦ 1 ሴንቲሜትር ያህል ሳስቶ የተቆረጠ ሾርት ሪብስ። ፍላንከን ይባላል፤ ኮሪያውያን ጋልቢ የሚባለውን የጎድን ጥብስ የሚሠሩበት ነው። ስስ ስለሆነ ጅማቱ በጥርስ ይቆረጣል፤ ስለዚህ በኃይለኛ ፍም ላይ በየጎኑ 3 ደቂቃ ይበቃዋል። ይህን ዓይነት ለረጅም ሰዓት ማብሰል ማበላሸት ነው።

ሶሱ እንዴት ይሠራል? መቼስ ይቀባ?

ለ2 ኪሎ ጎድን፦ 1 ኩባያ ኬቻፕ፣ ሩብ ኩባያ አቼቶ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የሰናፍጭ ዱቄት፣ 2 ፍንካች የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ። ነጭ ሽንኩርቱንና በርበሬውን በ1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ለ2 ደቂቃ በዝቅተኛ እሳት ካቁላሉ በኋላ ሌላውን ጨምረው 15 ደቂቃ ያንተክትኩት። በኬቻፕ ፋንታ የቲማቲም ድልህ ከሆነ ግማሽ ኩባያ ድልህ በግማሽ ኩባያ ውሃ በጥብጠው ማሩን ወደ 5 የሾርባ ማንኪያ ያሳድጉት።

የሚቀባው በመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ነው። ስኳርና ማር ያለበት ሶስ በከፍተኛ እሳት ላይ ቶሎ ይጠቁራል፤ ቀድሞ ከተቀባ ሥጋው ሳይደርስ ያርራል። ሁለት ጊዜ በስሱ መቀባት አንድ ጊዜ በወፍራሙ ከመቀባት ይሻላል። በበኩላችን ጥሩ ሾርት ሪብስ ሶስ አያስፈልገውም እንላለን፤ የበግ ጎድን ግን ስቡን የሚቆርጥ አቼቶ ያስፈልገዋል።

መብሰሉን በምን አውቃለሁ? ውስጡ ቀይ ሆኖ ታየኝ።

በቴርሞሜትር ከ93 እስከ 96 ዲግሪ። የበሬ ሥጋ ከ63 ዲግሪ ጀምሮ ለጤና የሚያሰጋ ባይሆንም ጎድን በዚያ ሙቀት ገና አይታኘክም። ቴርሞሜትር ከሌለ ቀጭን ቢላ በሁለት አጥንቶች መካከል ያስገቡ፤ ሳይታገል ከገባና ሥጋው ከአጥንቱ ጫፍ ወደ 1 ሴንቲሜትር ከሸሸ ደርሷል። ሲያነሱት ሥጋው በራሱ ከወደቀ ትንሽ አልፎበታል፤ ይበላል፣ ግን ሽቦ ላይ አይቆምም።

በጭስ በበሰለ ሥጋ ዙሪያ ከጠርዙ የሚታየው ሮዝ ቀለበት ጥሬነት አይደለም። ከከሰልና ከእንጨት የሚወጣው ጋዝ ከሥጋው ቀለም ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠር ነው። በኤሌክትሪክ ኦቨን አይታይም።

ብዙ አበሰልኩት፣ አሁንም ጠንካራ ነው። ምን አጠፋሁ?

አብዛኛውን ጊዜ ያልበሰለ ነው እንጂ ያለፈበት አይደለም። ፎይሉን መልሰው 2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጨምረው ሌላ 40 ደቂቃ ያቆዩት። በቢላ ሲነካ የሚፈረፈር ግን አፍ ውስጥ የሚደርቅ ከሆነ ግን አልፎበታል ወይም ከመጀመሪያውም ስብ አልነበረውም፤ ከአጥንቱ ፈልቅቀው በሞቀ መረቅና ሶስ ቢለውሱት ይመለሳል።

ለፋሲካ ወይም ለብዙ እንግዳ ቀድሜ ማዘጋጀት እችላለሁ?

የማለስለሱን ሥራ በዋዜማው ይጨርሱ። ከነመረቁ ያቀዝቅዙትና በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፤ ትልቅ ከሆነ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ለሁለት ለሦስት ይክፈሉት። የቀዘቀዘ ጎድን ሳይፈራርስ ይቆረጣል፤ የረጋው ስብም ከመረቁ ላይ በማንኪያ ይነሳል። እንግዳ ሲደርስ በፎይል ሸፍነው ከ2 የሾርባ ማንኪያ መረቅ ጋር 150 ዲግሪ ላይ ውስጡ 74 እስኪደርስ ያሙቁ፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ሶስ ቀብተው ያቅሉት። ኤር ፍራየር (በሞቃት አየር የሚያበስል መሣሪያ) ካለ ነጠላ ነጠላ ቆርጠው በ190 ዲግሪ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ያቅሉት። የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል።